ለ13 ዓመት ያህል ቀባሪ ያጡ ሰው
(የቄስ ጉዲና ቱምሳ አጭር የሕይወት ታሪክ)

 እኔ በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ከአሁን በፊት ያቀረብኩት ነገር ቢኖር የመዋጮና የቅጣት ሒሳብ ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን የመጽሔቱ ኮሚቴ ለአባላት ትምህርት የሚሆን የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ ጻፍ ብሎ አዘዘኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው ደብዳቤ ስገለብጥና መዝገብ ስይዝ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ እንጂ ደራሲ አይደለሁም። ትምህርቴም 6ኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለ ሆነ ግድፈት ቢገኝበት በይቅርታ እንድታልፉኝ ከወዲሁ አደራ እላለሁ።

የመረጥኳቸው ሰው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። እሳቸውም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ታፍነው የተገደሉ የእግዚአብሔር አገልጋይ ናቸው።

አንዳንዶቻችሁ አንተ የተዋሕዶ ልጅ ሆነህ ከመካነ ኢየሱስ ቄስ ጋር ምን አገናኘህ ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አጭር ነው። በዚህ በሚዛን ተፈሪ ዕድራችን ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም አንድ ድንኳን ተሸክመናል። ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ካፋው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ከምባታው አንድ ላይ መቃብር ቆፍረናል። ጡሩምባ ሲነፋ ሟቹ የየትኛው ሃይማኖት ነው ብሎ ከቤቱ የቀረ ሰው ቢኖር ቅጣቱን ከፍሏል፤ መዝገቡ እኔ እጅ ነበረ። ስለዚህ የሰውን በጎ ሥራ ለመናገርም ሃይማኖት መጠየቅ አያስፈልገንም።

ሁለተኛው ምክንያቴ ራሱ የዕድራችን ሥራ ነው። እኛ የተቋቋምነው ማንም ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ነው። የእኒህ ሰው አስከሬን ግን ለ13 ዓመት ያህል የት እንደ ወደቀ ሳይታወቅ፣ ድንኳን ሳይተከልላቸው፣ ሠልስት ሳይቀመጥላቸው ቀርቷል። ይህንን የሰማሁት በደርግ ዘመን በምሠራበት መሥሪያ ቤት አብሮኝ ከነበረ አንድ የወለጋ ሰው ነው። ያ ወዳጄ የሳቸውን ስም ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርግና በሩን አየት ያደርግ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ብዙ አልጠየቅሁትም፤ ዘመኑ የሚያስጠይቅ አልነበረም። በኋላ ግን ከሱም ከሌሎችም፣ ከተጻፉትም ያገኘሁትን አሰባስቤ እንደሚከተለው አቅርቤአለሁ።

ቄስ ጉዲና የተወለዱት በ1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ ቦጂ በሚባለው አገር ነው። ገና ልጅ ሳሉ እናትና አባታቸው ስለ ሞቱባቸው የሙት ልጅ ሆነው አደጉ። የሙት ልጅነት ምን ማለት እንደ ሆነ ከእናንተ መካከል የቀመሰው ያውቀዋል። ትምህርታቸውንም በነጆ፣ ቀጥሎም በነቀምት የስዊድን ሚሲዮን በከፈታቸው ትምህርት ቤቶች ተማሩ።

በነቀምት ሳሉ በሆስፒታሉ ተቀጥረው ሠሩ። ከጊዜ በኋላም በቀዶ ሕክምና ክፍል ሐኪሙን እስከ መርዳት ደረሱ። እኔ ሳስበው የኋላ ሥራቸው ሁሉ ዘሩ የተዘራው እዚያ ይመስለኛል። ቀን ቀን ቁስል ሲያጥቡ፣ ማታና እሑድ ደግሞ ወንጌል ሲያስተምሩ ይውላሉ። ያ ቁስሉ የታጠበለት ሰውና ያ ቃሉን የሰማው ሰው ሁለት ሰው አልነበረም፤ አንድ ሰው ነው። ይህንን ያዩት በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናቸው ነው። በሚሲዮኑ ውስጥ ካደጉት ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ጋር ትዳር መሥርተው ልጆች ወለዱ።

በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በአገር አቀፍ ደረጃ በተቋቋመችበት ጊዜ አካባቢ፣ ጉዲና የቅስና ማዕርግ ተቀበሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተቋቋመችው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ አባላቷ 20,000 ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ቄስ ጉዲናም መጀመሪያ በነቀምት፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ተልከው በከምባታ አገለገሉ። ከምባታን ልብ በሉልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። የቡና ለቀማ ሲደርስ ወደኛ አገር ከሚጎርፈው ሠራተኛ ብዙው የከምባታና የወላይታ ልጅ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ አገር፣ በሚኔሶታ ጠቅላይ ግዛት፣ ቅዱስ ጳውሎስ በተባለው ከተማ ሉተር ሴሚናሪ ገብተው ቲዮሎጂ ተማሩ። ከዚያ እንደ ተመለሱም የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። ፕሬዚዳንቱ በጃንሆይ ዘመን ሚኒስትር የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ። ቄስ ጉዲና በዚህ የዋና ጸሐፊነት ሥራ ላይ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለ13 ዓመት ያህል ቆይተዋል። እንግዲህ የሳቸውን ሥራና ያለ ቀብር የቆዩበትን ዘመን ስታስተያዩት እኩል ነው፤ 13 ዓመት አገለገሉ፣ 13 ዓመት ያለ መቃብር ቆዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በዚያን ጊዜ የመካነ ኢየሱስ ምእመናን በያመቱ በብዛት ይጨምሩ ነበር። ለዚህ ሕዝብ አስተማሪም፣ ቄስም፣ ትምህርት ቤትም፣ ክሊኒክም ያስፈልገዋል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከአውሮፓና ከአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ታዲያ የውጭዎቹ ረጂዎች ቀስ በቀስ ሐሳባቸው ተለወጠ። ለውሃ ጉድጓድ፣ ለእርሻ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ሲሆን ኪሳቸው በቶሎ ይፈታል። ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ማሠልጠኛ ሲባል ግን እጃቸው ይይዛቸዋል። ከመንግሥቶቻቸው የሚገኘውም ገንዘብ ለልማት ብቻ እንዲውል የታሰረ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ገንዘብ እስከ መጣ ድረስ ምን ቸገረኝ ብሎ ይቀበል ነበር። ቄስ ጉዲና ግን ዝም አላሉም። በ1964 ዓ.ም. ግንቦት ወር በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ለአብያተ ክርስቲያናት ረጂዎችና ጄኔቭ ላለው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ተላከ። የደብዳቤው አሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሰው ሥጋው ለብቻ፣ ነፍሱ ለብቻ ተደርጎ አይከፈልም። አፍሪቃዊ ሕይወትን የሚያየው በአንድነት ነው። ሆዱን አጥግቦ ውስጡን የሚረሳ ርዳታ ጎደሎ ነው፤ ነፍሱን እየሰበከ ረኀቡን የማያይ ስብከትም ያው ጎደሎ ነው። ስለዚህ እናንተ ለሰው ልጅ የሚያስፈልገውን እናንተው ከሩቅ ሆናችሁ አትምረጡለት፤ ችግሩን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው የሚል ነበር።

ይህ ደብዳቤ በውጭ አገር ብዙ አነጋገረ። ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. መግቢያ፣ በናይሮቢ በዚሁ ጉዳይ ትልቅ ስብሰባ ተደረገ። ዛሬ መካነ ኢየሱስ ሁለንተናዊ አገልግሎት እያለች የምትጠራው ነገር መሠረቱ ይኸው ነው። እኔ እንደ አንድ ጸሐፊ የሚገርመኝ ነገር ቢኖር፣ ደብዳቤ ማለት ብዙ ጊዜ ፋይል ውስጥ ገብቶ አቧራ የሚበላው ነገር መሆኑ ነው። ስንቱን ገልብጫለሁ መሰላችሁ! ይህ ግን ተቀምጦ አልቀረም።

ቄስ ጉዲና ከዚህ ጋር ሌላም ነገር አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ዘላለም የሰው እጅ እያየች መኖር የለባትም፣ የራሷን አገልጋይ በራሷ መዋጮ መቀለብ አለባት ይሉ ነበር። ይህ ለኛ ለዕድርተኞች ማስረዳት አያሻውም። ድንኳናችንን፣ ወንበራችንን፣ ብረት ድስታችንን የገዛነው ከውጭ በመጣ ገንዘብ ሳይሆን ከየቤታችን በወጣች ወርኃዊ መዋጮ ነው። የራስ ያልሆነ ነገር ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይወስደዋል።

ወደኛ ወደ ደቡብ ምዕራቡም አገር የሚያገናኘን ነገር አለ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን በፈጀበት ጊዜ ዶክተር ላምቢ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከሱዳን በኩል ወደ ሰዮ፣ ማለት ደምቢ ዶሎ፣ ተጠርተው መጡ። እንግዲህ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በምዕራብ ኢትዮጵያ የተጀመረው በሽተኛ በመርዳት ነው። ኋላም ጎሬና ማጂ ድረስ ጣቢያ ከፈቱ። ከዚያ ሥራ የወጣችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ነች። በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸው የጠፋውና በመንገድ ዳር ሲለምኑ የነበሩት፣ በኋላ ግን የታወቁ ሰባኪ የሆኑት ቄስ ጊዳዳ ሶለን የዚያች ቤተ ክርስቲያን ፍሬ ናቸው። ቤቴልና መካነ ኢየሱስ በ1974 እ.ኤ.አ. አንድ ሆኑ። ይህም የተፈጸመው ቄስ ጉዲና ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ ነው። እንግዲህ በሚዛንና በቴፒ፣ በማጂና በጎሬ በኩል ያሉት የመካነ ኢየሱስ ጎረቤቶቻችን ከሳቸው ጋር በአንድ ግንድ ላይ ያሉ ቅርንጫፎች ናቸው ማለት ይቻላል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። መሬት ላራሹ ሲባል ብዙ ሰው ደስ አለው፤ መካነ ኢየሱስም የጭሰኛውን ነፃ መውጣት አልጠላችም። ይሁን እንጂ ነገሩ ውሎ አድሮ መልኩን ለወጠ። ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ተባለ። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በመንግሥት ተወረሰ። ብዙዎቻችን በዚያ ሬዲዮ ትምህርትም መዝሙርም ሰምተን ያደግን ነን፤ ያን ቀን አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ቀይ ሽብር መዘርዘር አልፈልግም። ለኛ ለዕድር ሰዎች ግን አንድ ነገር መጥቀስ ግድ ነው። በዚያ ዘመን ልጁ የተገደለበት ሰው ማልቀስ ተከልክሎ ነበር። ሬሳ መንገድ ዳር ወድቆ ያድራል፤ እናት አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ዕድሮች ድንኳናቸውን ይዘው ቤታቸው ተቀመጡ። ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን ሰቀለ። በአገራችን ባህል ጠላት እንኳ ቢሆን ለቅሶው ይደረሳል፤ ያ ዘመን ይህንን ወሰደብን።

ቄስ ጉዲና በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት መለያየታቸውን ትተው በአንድ ምክር ቤት እንዲተባበሩ ብዙ ደከሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ነው። ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው የመንግሥት አፈ ቀላጤ እንድትሆን አልፈቀዱም። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ደግሞ በኦሮሞ የፖለቲካ ትግል የታወቀ ሰው ስለ ነበር፣ በሳቸውም ላይ ጥርጣሬው በረታ።

በ1971 ዓ.ም. ውስጥ ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ከሁለተኛው እስር ሲወጡ ወዳጆቻቸው አሁንስ ይበቃል፣ ከአገር ይውጡ ብለው ለመኑአቸው። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ሳይቀሩ መውጫውን ለማመቻቸት ዝግጁ ነበሩ። እሳቸው ግን በዚህ ጊዜ መንጋውን ትቼ የት እሄዳለሁ ብለው እምቢ አሉ። ይህን ሲወስኑ ሚስትና ልጆች ነበሯቸው። ትክክል ሠሩ አልሠሩም ብሎ መፍረድ የኔ ሥራ አይደለም። እኔ ብሆን ኖሮ እሄድ ነበር፤ ይህንን ሳልሸፍን እነግራችኋለሁ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ነው። ቄስ ጉዲና በአዲስ አበባ ዑራኤል ሰፈር ባለው የመካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤት አገልግሎት ፈጽመው ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ፣ ያልታወቁ ሰዎች ያዟቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ለብቻ በመኪና ወስደው ከከተማ ውጭ ጥለዋቸው ሄዱ። ቄስ ጉዲናን ግን ይዘዋቸው ጠፉ። በዚያችው ሌሊት ተገደሉ። ዕድሜአቸው 50 ነበር።

ቤተሰቡ ይህን አያውቅም። ታስረዋል? ተሰደዋል? ሞተዋል? የሚነግር የለም። የሞተ ይለቀስለታል፣ የታሰረ ስንቅ ይወሰድለታል፣ የተሰደደ ደብዳቤ ይጠበቅለታል። እንዲህ ያለው ግን ምን ይደረግለታል? በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወይዘሮ ፀሐይ ራሳቸው ታሰሩ። ክስ ሳይመሠረትባቸው፣ ብዙ እየተሠቃዩ ወደ 10 ዓመት ገደማ በእስር ቆዩ። የተፈቱት በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆቻቸው እናትም አባትም ያጡበት ዘመን ነበር። ቄስ ጉዲና ራሳቸው የሙት ልጅ ሆነው ማደጋቸውን ስታስቡት ነገሩ ይከብዳል።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። 1984 ዓ.ም. በአገራችን የአጥንት ዓመት ነበር ብል ማጋነን አይደለም። በዚያ ዓመት የጃንሆይ አፅም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገደሉት ባለሥልጣኖችም አፅም ወጣ። የቄስ ጉዲናም አፅም የተገኘው በዚያው ዓመት፣ የራስ አስራተ ካሣ መኖሪያ በነበረው ግቢ ውስጥ ነው። ራስ አስራተ ራሳቸው በዚያ በኅዳር ከተገደሉት አንዱ ናቸው፤ ቤታቸው ተወርሶ የሰው መግደያ ሆኖ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን በተለይ እኔን መሰል ኦርቶዶክሳውያን አባላት ልብ በሉልኝ። በዚያው ግቢ የተገኘው የቄስ ጉዲና አፅም ብቻ አልነበረም። ሁለተኛው ፓትርያርካችን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው የታሰሩት፣ በዚያው በ1971 ክረምት ተገድለው እዚያው ግቢ ተጥለው ነበር። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ወጥቶ እሳቸው ባሳነጿት በጎፋ ገብርኤል በክብር ዐረፈ። እንግዲህ አስቡት። በሕይወት ሳሉ ሁለቱ በየራሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ በየራሳቸው ሥርዓት ነበሩ። ገዳዮቹ ግን አንድ አፈር አለበሷቸው። እኛ ሕያዋኑ በሰንበቴና በማኅበር ስንለያይ፣ መከራ አንድ ላይ ቀበራቸው። እኔ ይህንን በሰማሁ ጊዜ ከወለጋው ወዳጄ ጋር ተቀምጠን ብዙ አዘንን። እሱ ለቄሱ፣ እኔ ለፓትርያርኩ፤ በመጨረሻም ሁለታችንም ለሁለቱም።

የቄስ ጉዲና አፅም በ1984 ዓ.ም. ሰኔ ወር በብዙ ሕዝብ ታጅቦ በክብር ተቀበረ። ወይዘሮ ፀሐይም ለባላቸው አለቀሱ፤ ከ13 ዓመት በኋላ። ይህ ለባዕድ ሰው ትንሽ ነገር ይመስለው ይሆናል። ለኛ ግን የቀብርን ትርጉም ለምናውቀው፣ ሞታቸውን ያህል የሚቆጠር ነው። ቤተሰባቸው ኋላ በስማቸው የርዳታ ድርጅት አቋቁሞ በፈንታሌ በኩል ላሉት አርብቶ አደሮች ይሠራል። ወይዘሮ ፀሐይም በ2007 ዓ.ም. ዐረፉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ወደ ራሳችን ቤት ላምጣው፤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ እንደ ሆነ፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ሳለሁ፣ በቡና ለቀማ ወራት አንድ የቀን ሠራተኛ በሰፈራችን ሞተ። የከምባታ ልጅ ነው። ዘመድ የለው፣ ዕድር የለው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ እኔ የመተዳደሪያ ደንቡን ገልጬ አባል ላልሆነ ሰው አገልግሎት አይሰጥም የሚለውን አንቀጽ አነበብኩ። ጸሐፊ ነኝና ሥራዬን የሠራሁ መሰለኝ። አንድ ሙስሊም አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደንቡ የተጻፈው ለሕያዋን ጭቅጭቅ እንጂ ለሬሳ አይደለም ብለው አሳፈሩኝ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቀድመው ዶማ ያነሡት እሳቸው ናቸው። ልጁን ከፈን ገዝተን፣ ድንኳን ተክለን፣ የሃይማኖቱ አገልጋይ ጠርተን በወጉ ቀበርነው። ሁላችንም ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ገባን።

በማግሥቱ ግን ለለቃሚዎች እንጀራ የምትሸጥ አንዲት ሴት እኔ ዘንድ መጥታ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ልጁ ከመሞቱ በፊት 9 ቀን ሙሉ በአንድ ቤት በረንዳ ላይ በወባ ተኝቶ ኖሯል። በዚያ መንገድ ያላለፈ የዕድሩ አባል የለም። እኔም ወደ ሥራ ስሄድ ጠዋትና ማታ አልፌዋለሁ። ጋቢ ተከናንቦ የተኛ ሰው ማየቴ ትዝ አለኝ፤ ሰካራም መስሎኝ ነበር። የከፈኑ ዋጋ ሲታሰብ ከመድኃኒቱ ዋጋ ይበልጥ ነበር። ሒሳቡን የያዝኩት እኔ ስለ ሆንኩ በደንብ አውቀዋለሁ።

የቄስ ጉዲናን ነገር ሳነብ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው። የውጭ ረጂዎቹ ሰውን ከሁለት ከፍለው ግማሹን ብቻ ለመርዳት ፈለጉ፤ እሳቸው እምቢ አሉ። እኛም ባናውቀው ሰውን ከሁለት ከፍለነዋል። ሲሞት የኛ ነው፣ ሲታመም ግን የራሱ ነው። ሬሳውን በ4 ሰው እንሸከማለን፤ ቆሞ ሳለ ግን አንድ ሰው አይደግፈውም። ሰው ግን አንድ ነው። በረንዳ ላይ የተኛውና መቃብር የወረደው ያው አንድ ልጅ ነው።

አንዳንድ ዕድሮች በ1990ዎቹ በኤድስ ምክንያት ቤት ሁሉ ሲያዝን ነገሩን አይተው ደንባቸውን አሻሽለዋል። ሕመምተኛ መጠየቅ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት፣ ጧሪ የሌለውን ሽማግሌ መደገፍ ጀምረዋል። በሰፈራችንም በጎረቤቶቻችን አብያተ ክርስቲያናትና በመስጊዱ በኩል እንዲህ ያለ በጎ ሥራ የሚሠሩ አሉ። በበዓል ቀን ከየቤቱ ሰብስበው ለችግረኛ ምሳ የሚያበሉትን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ለየብቻ ነው። ዕድራችን ግን ሁሉንም የምትሰበስብ አንዲት ጥላ ነች።

ስለዚህ በዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከዚህ በታች ያለውን አሳብ በአክብሮት አቀርባለሁ። ከወር መዋጮአችን ከእያንዳንዱ 1 ብር ላይ 10 ሳንቲም ተቀንሶ የሕሙማን መርጃ በሚል በተለየ መዝገብ ይያዝ። አባል ለሆነም ላልሆነም፣ በሰፈራችን ወድቆ ለተገኘ ሰው ሁሉ መታከሚያ ይሁን። በየወሩ 2 ሰው ተመድቦ ሰፈሩን ይዙር። መዝገቡን ማንም ባይፈልግ እኔ ያለ ምንም ክፍያ እይዘዋለሁ፤ ዓይኔ ገና ያያል፣ እጄም አልተንቀጠቀጠም። ይህ ገንዘብ ቀብራችንን ያጎድላል የሚል ሰው ቢኖር ሒሳቡን ቁጭ ብለን እናየዋለን። እኔ አስልቼዋለሁ፤ አያጎድልም።

ቄስ ጉዲና ቀባሪ ያጡት ሰው ስላልነበራቸው አይደለም። ሰው ሁሉ ፈርቶ ስለ ነበር ነው። ያ የከምባታ ልጅ ደግሞ በቁሙ ጠያቂ ያጣው ማንም ፈርቶ አይደለም፤ ልብ ያለው ስለ ጠፋ ነው። ለፍርሃቱ ዘመኑን እናማርራለን። ለሁለተኛው ግን የምናማርርበት ሌላ ሰው የለንም።

ከዚህ በላይ በማስረዘም አላሰለቻችሁም። ለሞቱት ሁሉ ዕረፍተ ነፍስን፣ ለታመሙት ምሕረትን ይስጥልን። በቁም ጠያቂ፣ በሞት ቀባሪ አያሳጣን። አሜን።